ክሬዲት ካርድ የተወለደው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው



ምሳ አብረን በልተን ሒሳብ ሲመጣ የሚነሳውን ግብግብ ሁላችንም እናውቀዋለን። "ወላሂ አትከፍልም!" "ዛሬ የኔ ነው!" እንባባላለን። ድሮ የሚያሸንፈው ብሩን ቀድሞ አስተናጋጁ እጅ ላይ ያደረገ ነበር። አሁን ስልኩን ወይም ካርዱን ቀድሞ ያወጣ ነው። ሁለቱም "ከፈለ" ይባላል። ነገር ግን ከኪስ የወጣ ብር፣ ከራስ የባንክ ሒሳብ ላይ የሚቀነስ ካርድ (ዴቢት) እና በዱቤ የሚከፍል ካርድ (ክሬዲት) ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሦስተኛው ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ባንክ ውስጥ ሳይሆን ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ እሱን እንጨዋወት። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሆነው ኒውዮርክ ነው። ፍራንክ ማክናማራ የሚባል ነጋዴ ሜጀርስ ካቢን ግሪል በተባለ ምግብ ቤት እንግዶቹን ጋብዞ ከበሉ በኋላ የኪስ ቦርሳውን ረስቶ እንደመጣ ያስተውላል። ከዚያ ሀፍረት በኋላ "ያለ ብር የሚበላበት መንገድ ለምን አይኖርም?" ብሎ አሰበ ይባላል። ይህ ታሪክ በየቦታው ይነገራል። ይሁንና ከመጀመሪያዎቹ የድርጅቱ ሰዎች አንዱ የነበረው ማቲ ሲመንስ፣ የተረሳው ቦርሳ ወሬ ለማስታወቂያ ተብሎ የተፈጠረ መሆኑን በኋላ ተናግሯል። እኛም የሲመንስን ቃል ማመን ይቀለናል። ማስታወቂያ ሠሪ ታሪክ መፍጠር ሥራው ነውና።

እርግጠኛው ነገር ይህ ነው። በየካቲት 1950 ማክናማራ ከጠበቃው ራልፍ ሽናይደር ጋር ሆኖ "ዳይነርስ ክለብ" የተባለውን ካርድ አስጀመረ። ስሙ ራሱ "የተመጋቢዎች ክበብ" እንደማለት ነው። ካርዱ ፕላስቲክ አልነበረም፣ ካርቶን ነበር። የመጀመሪያዎቹ አባላት ሁለት መቶ ያህል የሚሆኑ፣ አብዛኞቹም የመሥራቾቹ ወዳጆችና የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ቁጥራቸው ወደ 20 ሺህ ደረሰ።

አሠራሩን ልብ በሉ። ተመጋቢው ካርዱን አሳይቶ ይፈርማል። ድርጅቱ ለምግብ ቤቱ ይከፍላል፣ ሲከፍል ግን ከሒሳቡ 7 ከመቶ ለራሱ ያስቀራል። ተመጋቢው በወሩ መጨረሻ የበላበትን ሙሉ በሙሉ ለድርጅቱ ይመልሳል። ዕዳውን እያንከባለሉ ወለድ መክፈል የሚባል ነገር በዚህ አሠራር ውስጥ አልነበረም። የወር ዱቤ ነው። ሰፈራችን ሱቅ በደብተር እያስጻፍን እንደምንወስደው ማለት ነው፣ ልዩነቱ ደብተሩን የያዘው ባለሱቁ ሳይሆን መሐል የገባ ሦስተኛ ወገን መሆኑ ነው።

ዱቤ ደግሞ በራሱ ነውር አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከአንድ አይሁዳዊ ምግብ በዱቤ ገዝተው የብረት ጥሩራቸውን መያዣ እንዳደረጉ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ቡኻሪ ውስጥ ይገኛል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያም በሱረቱል በቀራህ ያለው የዕዳ አያ ነው፣ ዕዳ እንዴት እንደሚጻፍና እንደሚመሰከርበት ያስተምራል።

ታዲያ ወለዱ መቼ ገባ? ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በባንክ እጅ ነው። በመስከረም 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሬዝኖ ለምትባል ከተማ 60 ሺህ ነዋሪዎች ካርድ በፖስታ ላከ። አመልክቱ አላለም፣ ማንም አልጠየቀም። ሰዎች ፖስታቸውን ሲከፍቱ የመበደር መብት አገኙ። ይህ ካርድ "ባንክአሜሪካርድ" ይባል ነበር፣ ከ1976 ጀምሮ ቪዛ የምንለው እሱ ነው። ከዳይነርስ ክለብ የለየው ነገር ወሩ ሲያልቅ ሙሉውን መክፈል ግዴታ አለመሆኑ ነው። ትንሽ ትከፍላለህ፣ ቀሪው ላይ ወለድ ይቆጠርብሃል። ባንኩ መጀመሪያ ላይ ብዙ ከሰረ፣ ያልከፈለው ሰው ከገመተው በላይ ሆነ። ነገር ግን አልተወውም። ሳይጠየቁ ካርድ መላክ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለው በ1970 ነው፣ ያኔ ደግሞ ካርዱ አገሩን ሞልቶት ነበር።

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ ግዛቶች አብዛኞቹ የወለድ ጣሪያ ሕግ ነበራቸው። ከዚህ በላይ ያስከፈለ አራጣ አበዳሪ ነው የሚል ሕግ ነው። በ1978 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ባንክ በሌላ ግዛት ያለ ደንበኛውን የራሱ ግዛት በሚፈቅደው ወለድ ማስከፈል ይችላል ብሎ ፈረደ። ሲቲባንክ ብዙ ሳይቆይ የካርድ ሥራውን ከኒውዮርክ ወደ ሳውዝ ዳኮታ አዛወረ፣ ሳውዝ ዳኮታ ጣሪያውን አንስታ ነበርና። ስለዚህ ያ ጣሪያ የፈረሰው በዘመናት ሳይሆን በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ነው።

የሙስሊም ዑለማዎች በዚህ ላይ ዝም አላሉም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በመስከረም 2000 ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ ነገሩን በዝርዝር አየው። ውሳኔው ባጭሩ፣ በሒሳብ ያልተሸፈነ ክሬዲት ካርድ ውሉ ውስጥ የወለድ ቅድመ ሁኔታ ካለበት መስጠትም መጠቀምም አይፈቀድም ይላል። ተጠቃሚው በነፃው የጊዜ ገደብ ውስጥ ለመክፈል ቢያስብም እንኳ። ያለ ወለድ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ከሆነ ግን ይፈቀዳል። ምክንያቱም ወለዱን ባትከፍልም "ብዘገይ እከፍላለሁ" ብለህ ፈርመሃል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወንድምና እህቶቻችን ቤት ሲከራዩ እንኳ "የብድር ታሪክህን አሳይ" ይባላሉ፣ እሱን ለመገንባት የሚቀርበው የተለመደ መንገድ ደግሞ ካርዱ ነው። ይህን ችግር አይተው በጊዜው ከፍሎ እንደሚጨርስ ለተማመነ ሰው ያቀለሉ ዑለማዎችም አሉ። ጉዳዩ የሚነካው ሰው ከፌስቡክ ሳይሆን ከሚያምነው ዓሊም ይጠይቅ። ወላሁ አዕለም።

የአካዳሚው ውሳኔ ውስጥ ብዙ የማይነሳ ሌላ ነጥብ አለ። ካርድ ሰጪው ከነጋዴው ኮሚሽን መውሰድ ይችላል፣ ነጋዴው ግን በካርድ የሚሸጥበት ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥበት ጋር እኩል እስከሆነ ድረስ ነው። ይህ በቀጥታ የምግብ ቤቱን ጓዳ ይነካል። ያ 7 ከመቶ ከየት ይመጣል? በ1991 የቦስተን ምግብ ቤት ባለቤቶች አሜሪካን ኤክስፕረስ የሚቆርጠው ኮሚሽን በዛብን ብለው አመፁ፣ አንዳንዶቹም ካርዱን አንቀበልም አሉ። በከተማቸው በ1773 በሻይ ቀረጥ ምክንያት የተነሳውን ዝነኛ አመፅ አስታውሰው ለአድማው በሱ አምሳል ስም አወጡለት። ኩባንያው ኮሚሽኑን ለመቀነስ ተገደደ። አድማ ያልመታው ምግብ ቤት ግን የሚያደርገው ይታወቃል፤ ወጪውን የምግቡ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ዋጋው ለሁሉም እኩል ሲሆን፣ ጥሬ ገንዘብ የሚከፍለውም ሰው የካርዱን ኮሚሽን አብሮ ይከፍላል ማለት ነው።

ካርድ የያዘውም ቢሆን እጁ ይፈታል። ሪቻርድ ፋይንበርግ የተባለ ተመራማሪ በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ በካርድ የከፈሉ ተመጋቢዎች ለአስተናጋጅ የሚተዉት ጉርሻ በጥሬ ገንዘብ ከከፈሉት ይበልጥ ነበር። አስተናጋጁ ተጠቅሟል፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ግን ከኪስ የሚወጣ ብር ሲያንስ ይታያል፣ ፊርማ አያንስም።

ነገሩ ወደ ጫፍ ሄዶ "ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም" የሚሉ ምግብ ቤቶችም መጡ። ስዊትግሪን የተባለው የሰላጣ ቤት በ2017 ይህን አደረገ። ባንክ ሒሳብ የሌላቸው ድሆችና ስደተኞች ምሳ መግዛት አቃታቸው የሚል ትችት በረታና በ2019 መለሰው። በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ፣ ቀጥሎ በ2020 ኒውዮርክ ጥሬ ገንዘብ አለመቀበልን በሕግ ከለከሉ። ካርዱ የተወለደባት ከተማ መሆኗ ነው!

ወደ አገራችን ስንመጣ አብዛኞቻችን እጅ ላይ ያለው ካርድ ዴቢት ነው። ያለንን ይቀንሳል፣ ሌላ ነገር የለውም። በ2021 የጀመረው ቴሌብርም በመሠረቱ እንደዚያው ነው። ነገር ግን በ2022 "እንደኪሴ" የሚባል፣ ሒሳባችን ሲጎድል ክፍያውን የሚሞላልን አገልግሎት ተጨምሮበታል። እንደዚህ ያለ ነገር ስልካችን ላይ "ይስማማሉ?" ሲለን፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለንም ቢሆን፣ ከመጫናችን በፊት ውሉን እናንብብ። የሚቆረጠው የአንድ ጊዜ የአገልግሎት ዋጋ ነው ወይስ ቀን በዘገየን ቁጥር የሚጨምር? ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴ አላቸው፣ ቅርንጫፍ ሄዶ ይህንኑ መጠየቅ ይቻላል።