የፕሮጀክት አመራር መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታሪክ አንጻር

ፕሮጀክት ማለት ተለይቶ የተወሰነ ግብ፣ የታወቀ መነሻና መድረሻ፣ እንዲሁም የተመደበለት የሰው ኃይል፣ ገንዘብና ቁሳቁስ ያለው ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቶች በየዕለቱ ከሚያከናውኑት መደበኛ ተግባር የሚለየው ፍጻሜ ያለው በመሆኑ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም በትምህርት ሥራ ላይ የሚያስከትለው ውጤት ከባድ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል።

የመጀመሪያው ጽንሰ ሐሳብ የግብ ጥራት ነው። የዘመቻው ዓላማ መሃይምነትን ማጥፋት ነበር። ዓላማው ግን በጥቅሉ አልተተወም፤ በዙር ተከፋፍሎ በቅድሚያ በከተሞች፣ ቀጥሎም በገጠር እንዲፈጸም ተደረገ። በዚህም የመጀመሪያው ዙር ልምድ ይበልጥ ለሰፋውና ለከበደው የገጠር ሥራ መማሪያ ሊሆን ቻለ። ትምህርቱም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማሊኛ ተጀምሮ በኋላ የቋንቋዎቹ ቁጥር 15 ደረሰ።

ሁለተኛው የኃላፊነት ክፍፍል ነው። በብሔራዊ አስተባባሪ ኮሚቴው ሥር አራት ንዑሳን ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። አንደኛው የትምህርት መሣሪያዎችን የማዘጋጀትና የማሠራጨት፣ ሁለተኛው አስተማሪዎችን የመመልመል፣ የማሠልጠንና የመመደብ፣ ሦስተኛው የቅስቀሳና የእርዳታ ማሰባሰብ፣ አራተኛው ደግሞ የመረጃ፣ የቁጥጥርና የምስክር ወረቀት ሥራ ተሰጠው። እያንዳንዱ ተግባር ባለቤት ስለነበረው ጉድለት በታየ ጊዜ ተጠያቂው ማን እንደሆነ መለየት ይቻል ነበር።

ሦስተኛው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ዘማቹ ከመጽሐፉ ቀድሞ ቢደርስ ጊዜው በከንቱ ያልፋል፤ መጽሐፉ ቀድሞ ደርሶ አስተማሪ ቢታጣም እንዲሁ። ስለሆነም የአንዱ ንዑስ ኮሚቴ መዘግየት የሌሎቹን ድካም ዋጋ ያሳጣል።

አራተኛው ግምገማ ነው። ዘመቻው ፈተና ያለፉትን በምስክር ወረቀት ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት የተሰጠው ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማትም የሥራውን ስፋት ያረጋገጠ ነው። ነገር ግን የምስክር ወረቀት የሚያሳየው በፈተናው ዕለት የነበረውን ችሎታ ብቻ ነው። ንባብ ካልተዘወተረ ይረሳል፤ የሚነበብ ጽሑፍ በሌለበትም ሊዘወተር አይችልም። የማጠናከሪያ ትምህርትና የንባብ ቤቶች የታቀዱትም ይህንኑ ለመከላከል ነበር።

ዘመቻው ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አልቀጠለም። ፕሮጀክት በመሆኑ ማብቃቱ ከባሕርዩ ጋር አይቃረንም፤ የማንበብ ፍላጎት ግን አብሮት አያበቃም። እንግዲህ በትምህርት መስክ የሚነደፍ ማንኛውም ፕሮጀክት፣ ሥራው ሲፈጸም ውጤቱን የሚረከበው መደበኛ ተቋም የትኛው እንደሆነና በምን በጀት እንደሚያስቀጥለው ገና በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊያመለክት ይገባል። ተረካቢ ያልተዘጋጀለት ሥራ የቱንም ያህል በሚገባ ቢመራ፣ ፍሬው ከአዝመራው ወቅት አያልፍም።