ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ገጸ ባሕርይ፦ የይዘት ማስጠንቀቂያና የአንባቢ ኃላፊነት

አድናቂዎች በሌላ ደራሲ የተፈጠረን ገጸ ባሕርይ ወስደው አዲስ ታሪክ የሚጽፉበት ልማድ «ፋን ፊክሽን» ይባላል። የእነዚህ ድርሰቶች ትልቅ ማከማቻ የሆነው «አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን» ጸሐፊው ከድርሰቱ አስቀድሞ ከባድ ጥቃት፣ አስገድዶ መድፈር ወይም የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት መኖሩን እንዲያመለክት፣ አለዚያም ማስጠንቀቂያ ላለመስጠት መምረጡን እንዲገልጽ ይጠይቃል። ጸሐፊው ሁለተኛውን ከመረጠ ኃላፊነቱ ወደ አንባቢው ይሻገራል። አሠራሩ አዲስ ይሁን እንጂ ጥያቄው የቆየ ነው። በጅቡቲ ወደብ የተነሣ የአንድ ሰው ታሪክ ይህን ያሳያል።

ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬድ እ.ኤ.አ. በ1911 ጅቡቲ ደረሰ። በቡናና በቆዳ ንግድ ጀምሮ፣ ኋላ በራሱ ጀልባ በቀይ ባሕር ላይ የጦር መሣሪያና ሐሺሽ በድብቅ አመላለሰ። በ1930 የባሪያ ንግድን ሊመረምር ወደ አካባቢው የመጣው ጋዜጠኛ ዦዜፍ ኬሴል ከእርሱ ጋር ተጓዘ፤ ገጠመኙን እንዲጽፍም አበረታታው። ኬሴል ራሱ በ1932 ባሳተመው «ፎርቲውን ካሬ» ልብ ወለድ ውስጥ ሞርዶም የተባለውን ገጸ ባሕርይ በሞንፍሬድ አምሳል ቀረጸ። በ1934 በመጽሐፍ በወጣው «የፈርዖን ሲጋራዎች» ደግሞ ቤልጂጋዊው ኤርዤ ቲንቲንን ከባሕር የሚያድነውን መሣሪያ አሻጋሪ የመርከብ አዛዥ በዚሁ ሰው መልክ ሣለው። እንዲህ በቅብብል የወደቡ ኮንትሮባንዲስት የልጆች መጽሐፍ ባለውለታ ሆነ።

ሰውየው ግን በመጽሐፉ ገጽ ላይ አልቀረም። በ1933 ከኢትዮጵያ ተባረረ፤ ፋሺስት ጣልያን አገሪቱን በ1935 ስትወር ከወራሪው ወገን ቆሞ ጻፈ። ሥዕሉ ከወረራው በፊት የተሣለ በመሆኑ ኤርዤ ስለዚህ ሊያስጠነቅቅ አይችልም ነበር። ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ዘመን ከሚያውቀው አያልፍም፤ ንባብ ግን ከዘመን ዘመን ይቀጥላል።

የኋላ አንባቢዎች ይህን ክፍተት ሊሞሉ እንደሚችሉ የኤርዤ ሌላ ሥራ ያስረዳል። «ቲንቲን በኮንጎ» በ1931 በመጽሐፍ ሲወጣ አፍሪካውያንን ያዋረደበት አሣሣል ማስጠንቀቂያ አልነበረውም። በ2005 የእንግሊዝኛው እትም የቅኝ ግዛት ዘመን አመለካከት እንደያዘ ከሚገልጽ ማሳሰቢያ ጋር ወጣ። በ2007 በብሪታንያ አቤቱታ ሲቀርብ አንዳንድ መጻሕፍት ቤቶች ከሕፃናት ክፍል አነሡት። የቤልጂግ ፍርድ ቤት በ2012 የእገዳውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ። መጽሐፉ አልታገደም፤ የሚነበብበት መንገድ ግን ተለወጠ።

ስለዚህ የአንባቢ ኃላፊነት ሊያሳዝን የሚችልን ጽሑፍ አይቶ በማለፍ ብቻ አይወሰንም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ንባቡን ከተማረ በኋላ ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ «አንድም» እየተባለ የሚዘረዘረውን ትርጓሜ ይሰማል፤ ጽሑፉ ብቻውን ሙሉ ነው አይባልም። ለዘመናዊ ልብ ወለድ እንዲህ ያለ መምህር ባይኖርም ሥራው አይቀርም። ዛሬ አንድ አድናቂ ያንን የመርከብ አዛዥ በአዲስ ታሪክ ቢያነሣው፣ «ጥቃት አለበት» የሚለው ምልክት የተኩሱን ትዕይንት ያሳውቃል እንጂ የሰውየውን ማንነት አይናገርም። በ1935 በማን ወገን እንደቆመ የሚያውቅ አንባቢ ያንን ለሌላው ማስታወስ ይጠበቅበታል።