ቦርሽ

ቦርሽ በቀይ ሥር የሚሠራ፣ ኮምጠጥ ያለ የዩክሬናውያን የቤት ሾርባ ነው። ዩኔስኮ የአሠራሩን ባህል እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2022 አስቸኳይ ጥበቃ በሚያሻቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። ምክንያቱ ሩሲያ በዩክሬን ላይ የከፈተችው ጦርነት ነበር፤ ቤተሰብ ከጓሮውና ከምድጃው ሲፈናቀል ሙያው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ስጋቱ የተጋነነ እንዳልሆነ አሠራሩ ራሱ ይመሰክራል። ቀይ ሥሩ ቀለሙ እንዳይጠፋ ኮምጣጣ ነገር ጠብ ተደርጎበት ለብቻው ይቁላላል፤ በጥንቱ ወግ ኮምጣጣነቱን የሚሰጠው በውሃ ተዘፍዝፎ የቦካ የቀይ ሥር ጭማቂ ነበር። ጥቅል ጎመኑ ዘግይቶ ይገባል፤ ከነጭ ሽንኩርት ጋር የተወቀጠ የአሳማ ጮማ የሚጨምሩም አሉ። በገና ዋዜማ ሥጋው ቀርቶ በደረቅ እንጉዳይ የሚሠራው የጾም ቦርሽ፣ በልማድ በማዕዱ ላይ ከሚቀርቡት 12 ምግቦች አንዱ ነው። ልኩን የሚወስነው የባለሙያዋ ምላስ ስለሆነ ሙያው በጽሑፍ ብቻ አይወረስም።

ፖላንዳውያንና ሩሲያውያንም ይሠሩታል፣ ቦርሹ ውስጥ የሚገቡት ድንችና ቲማቲምም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ነገር ግን ምዝገባው የብቸኛ ባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። የተመዘገበው በዩክሬን ቤቶች ውስጥ የሚኖረው ልማድ ነው፤ ጎረቤት አገር ቦርሽ መብላቱ ያን ልማድ አያሳንሰውም። አትክልቶቹ ዘግይተው ቢደርሱም፣ ከእነሱ በፊት የነበረውን የቦካ ጭማቂ ዛሬም የሚያዘጋጁ ቤተሰቦች አሉ።