ከሕጉ የቀደመ ሽቦ

በ1873 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ዲካልብ በምትባል የገበሬ ከተማ የግብርና ትርኢት ተከፍቶ ነበር። ሄንሪ ሮዝ የተባለ ገበሬ ይዞ የቀረበው ነገር ለዓይን የሚስብ አልነበረም፤ ሹል እሾሆች የተሰኩበት ረጅም ጣውላ ነው። ጣውላው በሽቦ አጥር ላይ ሲሰቀል አጥር መጣስ የለመደች ላም ተወግታ ትመለሳለች። ገበሬው ጆሴፍ ግሊደን፣ የእንጨት ነጋዴው ጄኮብ ሃይሽና የብረታ ብረት ሱቅ ባለቤቱ አይዛክ ኤልዉድ ይህን ጣውላ አይተው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሦስቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፦ ጣውላው ለምን ያስፈልጋል? እሾሁ ከሽቦው ራሱ ላይ ቢሆንስ?

ነገሩ ለእነሱ ቀልድ አልነበረም። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ መሬቱ ላይ አምስት ዓመት ሰፍሮ ላለማ ሰው 160 ኤከር፣ በእኛ የድሮ ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል የሚያህል መሬት ይሰጥ ነበር። ችግሩ ሰፋሪዎቹ የደረሱበት ሜዳ ለአጥር የሚሆን እንጨትም ድንጋይም የሌለው መሆኑ ነው። እንጨት ከሩቅ አስመጥቶ ማጠር አንዳንዴ ከመሬቱ ይበልጥ ያስወጣል። ተራ ሽቦ ደግሞ በበጋ ይላላል፣ በብርድ ይበጠሳል፣ ከብትም ያለ ፍርሃት ይደገፈዋል። የተሻለው አማራጭ ኦሴጅ ኦሬንጅ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ በመስመር መትከል ነበር። ግቢውን በቁልቋል ወይም በኮሽም ያጠረ የእኛ አገር ሰው የዚህን አጥር ጥቅምም ጣጣም ያውቀዋል፤ እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል፣ ካደገ በኋላም ቦታው ተሳስቷል ብሎ ማንቀሳቀስ አይቻልም።

ግሊደን በዚያን ጊዜ 60 ዓመቱ ነበር። እሾሆቹን ለመጠምዘዝ የቤቱን የቡና መፍጫ እንደተጠቀመ ይነገራል። የሥራው ብልሃት ግን ከእሾሁ ይልቅ ከሁለተኛው ሽቦ ላይ ነው። እሾሁን አንድ ሽቦ ላይ ቢጠመጥሙት እየተንሸራተተ አንድ ቦታ ይከማቻል፤ ሁለት ሽቦ አብሮ ሲገመድ ግን እሾሁ መሃል ላይ ተቆንጥጦ ይቀራል። የተገመደው ሽቦ በሙቀት ሲረዝምና በብርድ ሲያጥርም ግምዱ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ቶሎ አይበጠስም። ኖቬምበር 24 ቀን 1874 የፓተንት ቁጥር 157,124 ተሰጠው። ኤልዉድም የራሱን ሙከራ ትቶ የግሊደንን መብት ግማሽ በ265 ዶላር ገዛ፤ አስተዋይ ነጋዴ ማለት ይህ ነው። ሃይሽ ግን የግሊደንን ብልጫ አልተቀበለም፤ በራሱ ፓተንት ሽቦ እያመረተ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ።

ከዚያ በኋላ ገበያውን የሚያቆመው አልተገኘም። በ1874 የተመረተው እሾሃማ ሽቦ 45 ኩንታል ግድም ነበር፤ በ1880 ከ360 ሺህ ኩንታል በለጠ። መጀመሪያ 100 ፓውንዱ 20 ዶላር ይሸጥ የነበረው ሽቦ፣ ምዕተ ዓመቱ ከማለቁ በፊት ከ2 ዶላር በታች ወርዷል። የቴክሳስ ከብት አርቢዎች መጀመሪያ ላይ ስቀውበት ነበር። ጆን ጌትስ የተባለ ወጣት ሻጭ በ1876 ሳን አንቶኒዮ ከተማ አደባባይ ላይ በረት ሠርቶ፣ ረጃጅም ቀንድ ያላቸውን ኮርማዎች አስገብቶ አስደንብሮ፣ ሽቦው ሳይበጠስ ሲቀር ትእዛዝ እንደጎረፈለት ሲተረክ ኖሯል። ትረካው ሳይጋነን አልቀረም፤ የሽያጩ ቁጥር ግን ያልተጋነነ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቹ የአሜሪካ ተራኪዎች የሚዘሉትን ልናገር። የተጠረው ሜዳ ባዶ አልነበረም። በሰሜን ምዕራብ ቴክሳስ ጎሽ እያደኑ የኖሩት ኮማንቼ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ነበሩ፤ ጎሹ በአዳኞች ጥይት እያለቀ ሳለ፣ በኳና ፓርከር የሚመራው የመጨረሻው ቡድን በ1875 ፎርት ሲል በሚባል የጦር ሰፈር እጁን ሰጠ። ፓተንቱ ከተሰጠ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ግሊደን ራሱ ከሽርካው ጋር በ1880ዎቹ መጀመሪያ በዚያው አገር፣ ዛሬ አማሪሎ ከተማ ባለችበት አካባቢ፣ በራሱ ሽቦ የታጠረ ትልቅ የከብት እርባታ አቋቁሟል።

ኮማንቼዎች ከተባረሩ በኋላ ጠቡ በነጮቹ መካከል ሆነ። ቀድሞ ሜዳው የጋራ ግጦሽ ነበር፤ ማንም ከብቱን ይለቃል፣ በመለያው ምልክት ይለየዋል። ሽቦው ሲረክስ ገንዘብ ያለው ሁሉ ቀድሞ አጠረ፤ የራሱን አጠረ፣ የመንግሥትን አጠረ፣ አንዳንዴም የትንሹን ሰው ማሳ ከነቤቱ በአጥሩ ውስጥ ዋጠው። የሕዝብ መንገድ ተዘጋ፤ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄጃ ጠፋ። በ1883 ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ዋናው ነገር ውሃ ሆነ። የተዘጋ ምንጭ እያዩ ከብቶቻቸው በጥም ያለቁባቸው ሰዎች ፒንሳ ይዘው በሌሊት ወጡ።

የቴክሳስ የአጥር ቆረጣ ጦርነት የሚባለው ይህ ነው። ቆራጮቹ ‹ጉጉቶች› እና ‹ሰማያዊ ሰይጣኖች› በሚሉ ስሞች ተቧድነው፣ በአንድ ሌሊት ረጅም አጥር በየቋሚው መካከል ቆርጠው ያድሩ ነበር። ሰውም ሞቷል። ገዥው ጆን አየርላንድ የግዛቱን ምክር ቤት በጃንዋሪ 1884 ለአስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። የወጣው ሕግ አጥር መቁረጥን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል አደረገው። የሌላውን ወይም የሕዝብን መሬት ማጠር ግን ቀላል ጥፋት ሆነ፤ ያጠረው ሰውም አጥሩን እንዲያነሳ ስድስት ወር ተሰጠው። የሕዝብ መንገድ ለሚያቋርጥ አጥር በየሦስት ማይሉ በር እንዲደረግም ታዘዘ። ሕጉ ወደየትኛው ወገን እንዳደላ ለማወቅ ሁለቱን ቅጣቶች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ቆረጣው ግን ወዲያው አልቆመም። አይራ ኤተን የተባለ የቴክሳስ ሬንጀር (የግዛቱ ጸጥታ አስከባሪ) በ1888 አድፍጦ መጠበቅ ሰልችቶት፣ ሽቦው ሲቆረጥ የሚፈነዳ ዲናሚት ለመቅበር ሲዘጋጅ አለቆቹ ደርሰው አስቆሙት።

ሰው ስለ ድንበር ሲጣላ ትልቁን ዋጋ የከፈለው ከብቱ ነው። ከብት የበረዶ ማዕበል ሲመጣ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ደቡብ ይጓዛል። የሰሜን ከብት ግጦሻቸው ውስጥ እንዳይገባ የፈለጉ አርቢዎች ደግሞ በሰሜን ቴክሳስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋ ረጅም አጥር ሠርተው ነበር። በጃንዋሪ 1886 ማዕበሉ ሲመታ ከብቱ ሽቦው ጋ ደርሶ ቆመ፤ ከኋላ የመጣው በፊተኛው ላይ እየተደራረበ በሺዎች የሚቆጠር በድን ከአጥሩ ሥር ተከመረ። በሚቀጥለው ክረምት በሰሜኑ ሜዳ የደረሰው እልቂት ከዚህም ከፋ። ከዚያ በኋላ ነው ብዙ አርቢዎች ማጠር ብቻውን እርባታ እንዳልሆነ፣ የታጠረ ከብት የተከማቸ ድርቆሽና መጠለያ እንደሚፈልግ የተማሩት።

ስለ አጥር ሥራ ሙያውም ትንሽ ማለት ይገባል። አጥር የሚበላሸው ከማዕዘኑ ነው። የማዕዘኑ ቋሚ በጥልቅ ተቀብሮ፣ በአግድም እንጨትና በሰያፍ ሽቦ ካልተደገፈ፣ የተወጠረው ሽቦ ቀስ በቀስ ይጎትተዋል፤ ቋሚው ባዘነበለ ቁጥር መስመሩ ሁሉ ይላላል። ሽቦውን ከእንጨቱ ጋር የሚይዘው ባለ ሁለት እግር ምስማር ደግሞ እስከ መጨረሻው አይመታም፤ ሽቦው በሙቀትና በብርድ እንዲንቀሳቀስ ክፍተት ይተውለታል። ለቋሚነት ከተመረጡት እንጨቶች አንዱ ያ ሽቦው ገበያውን የነጠቀው ኦሴጅ ኦሬንጅ ሆነ፤ አፈር ውስጥ ቶሎ አይበሰብስምና። እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የማዕከላዊ ካንሳስ ገበሬ ነው። ዛፍ ሲያጣ ከመሬት ሥር የኖራ ድንጋይ በመስመር እየበሳ፣ ሽብልቅ እያስገባ ፈልጦ፣ አንዱ ከኩንታል ተኩል የሚበልጥ የድንጋይ ቋሚ ተከለ። ድንጋዩ ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ አየር ሲነካው ይጠነክራል። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ሽቦ እንደያዙ ቆመዋል።

ለከብት የተሠራው ሽቦ ለሰው መሆኑ አልቀረም። እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ በቦር ጦርነት ዘረጉት፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በእሱ ተተበተበ። ለእኛ ቀረብ የሚለው ግን በ1931 የተዘረጋው ነው። ጣሊያንን ይዋጉ የነበሩትን የሊቢያዊውን የዑመር አል ሙኽታርን አርበኞች ከግብፅ ከሚያገኙት ስንቅና መሣሪያ ለመቁረጥ፣ በሊቢያና በግብፅ ድንበር 270 ኪሎ ሜትር ያህል እሾሃማ ሽቦ ያዘረጋው የጣሊያን ጄኔራል፣ ከስድስት ዓመት በኋላ በየካቲት 12 አዲስ አበባን በደም ያጠበው ሩዶልፎ ግራዚያኒ ነበር።

የፓተንቱ ክርክር በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለቀው በፌብሩዋሪ 1892 ነው። ሁሉን እንመታለን ብሎ ራሱን የሰየመ ኩባንያ ተረትቶ ለግሊደን ፓተንት ተፈረደ፤ ዳሩ ግን የፓተንቱ 17 ዓመት ከፍርዱ ሦስት ወር ቀድሞ አልቆ ነበር። በሜዳውም የሆነው ይኸው ነው። የፌዴራሉ ምክር ቤት የሕዝብን መሬት ማጠር የከለከለው በፌብሩዋሪ 1885፣ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ አጥሮቹ እንዲነሱ ያዘዙት በዚያው ዓመት ኦገስት ነው፤ ያን ጊዜ ሜዳው አብዛኛው ታጥሮ፣ ጉልበት ያለው ምንጩን ይዞ ነበር። ያ ሕግ እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ በአሜሪካ የሕዝብ መሬት ያጠረ ሰው አሁንም የሚከሰሰው በእሱ ነው።