ከምድር ቤት የወጣ ዜማ

በአሜሪካ፣ ኮነቲከት፣ ኒው ሄቨን ከተማ ቅድስት በርናዴት የምትባል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። በ1956 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር ላይ «ፋይቭ ሳቲንስ» የተባለው የጥቁር ወጣቶች ቡድን «ኢን ዘ ስቲል ኦፍ ዘ ናይት» የሚለውን ዘፈን የቀዳው በዚህች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ቦታውን ያገኘላቸው ሳክስፎን ተጫዋቹ ቪኒ ማዜታ ነው፤ የአጥቢያው ልጅ ነበርና።

ደራሲውና መሪ ድምፃዊው ፍሬድ ፓሪስ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነበር። ዘፈኑን የደረሰው ፊላደልፊያ ውስጥ ዘብ ቆሞ ነው። ለእኔ የዘፈኑ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ሌሊት ዘብ የቆመ ሰው ከናፍቆቱ በቀር አጫዋች የለውም። ፓሪስም ያለፈች አንዲት ሌሊትን እያስታወሰ ይማጸናል እንጂ በፍቅሩ አይፎክርም።

ዘፈኑ የተዘፈነው ዱዎፕ በሚባለው ስልት ነው። ዱዎፕ የድሆች ልጆች ሙዚቃ ነው። በኒው ዮርክ፣ በፊላደልፊያ፣ በቺካጎ የጥቁሮች ሰፈሮች መሣሪያ የሌላቸው ጎረምሶች ድምፅ የሚያስተጋባበት ደረጃና ኮሪደር እየፈለጉ ያንጎራጉሩ ነበር። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውጪና ተቀባይ ለለመደ ጆሮ ነገሩ ባዳ አይደለም። እነዚህ ተቀባዮች ግን ብዙ ጊዜ ቃል አይመልሱም፤ ፍቺ በሌለው ድምፅ ባሱንም ጥሩምባውንም በአፋቸው ይተካሉ። የስልቱ መጠሪያ የመጣው ከዚህ ዘፈን ተቀባዮች ድምፅ ነው የሚሉም አሉ።

ሸክላው ሲታተም ዘፈኑ የተቀመጠው በጀርባ በኩል ነበር። አድማጭ ግን ጀርባውን መረጠ። በአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ 3ኛ፣ በጠቅላላው የፖፕ ሰንጠረዥ ደግሞ 24ኛ ሆነ። ፓሪስ ይህን ደስታ ከወዳጆቹ ጋር አላየም፤ ሠራዊቱ ወደ ጃፓን ልኮት ነበር። ቡድኑም በሌላ መሪ ድምፃዊ ቀጠለ።

24ኛ የወጣ ዘፈን ተረስቶ መቅረት ነበረበት። ይህኛው ግን በ1960 እና በ1961 ወደ ሰንጠረዡ ተመለሰ። የኒው ዮርኩ ሬዲዮ ጣቢያ ደብሊው ሲ ቢ ኤስ ኤፍ ኤም አድማጮች ለዓመታት ከድሮ ዘፈኖች ሁሉ አንደኛ እያሉ መረጡት። በ1987 «ደርቲ ዳንሲንግ» በተባለው ፊልም ለአዲስ ትውልድ ተሰማ። በ1992 ደግሞ ቦይዝ ቱ ሜን የተባሉት ድምፃውያን ያለ መሣሪያ ዘፍነውት በፖፕ ሰንጠረዡ 3ኛ ደረጃ ደረሱ። የእነሱ እንከን የለሽ ነው፤ እኔ ግን የምድር ቤቱን እመርጣለሁ። ድምፆቹ ከሩቅ ይመጣሉ፣ ግድግዳው አብሮ ያዜማል፣ ሳክስፎኑም የፓሪስን ልመና ተቀብሎ ይቀጥላል። ያን የክፍል ድምፅ የትኛውም ዘመናዊ ስቱዲዮ አልተካውም።

ፓሪስ በጥር 2022፣ በ85 ዓመቱ አረፈ። ዘፈኑን ካልሰማችሁት የ1956ቱን ቅጂ ፈልጉ፤ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላም ስሙት።