ፊደላችን በኮምፒዩተር ቦታ እንዴት እንዳገኘ



የመተማ ገበሬ ሰሊጡን ለገበያ ሲያቀርብ በደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ስሙ የንብረቱ ምስክር ነው። ስሙ ከተሳሳተ የገንዘቡ ባለቤት ማን እንደ ኾነ ያጠራጥራል። ስለዚህ ኮምፒዩተር የሀገራችንን ፊደል የተቀበለበትን ታሪክ ማወቅ ለጽሕፈት ሥራ ሰው ኹሉ ይገባል። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ ኤውሮጳውያን ነው።

ኮምፒዩተር ፊደልን በመልኩ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በቍጥር ነው። በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። ይህም ለእንግሊዝኛ በቃ። የእኛ 33 ሆሄያት ግን በ7 ድምፅ ሲባዙ እነ ‹‹ቋ›› ሳይቈጠሩ 231 ይኾናሉ። 231 እንግዳ 128 ወንበር ባለበት አዳራሽ እንዴት ይቀመጣል?

ስለዚህ ስማችን በላቲን ፊደል ይጻፍ ጀመር። ‹‹መተማ›› በእኛ ፊደል ሦስት ሆሄ ናት፤ በላቲን ግን አንዱ በስድስት፥ ሌላው በሰባት ፊደል ይጽፋታል። ጎረቤቷን ቋራን አንዱ በ‹‹ኪው››፥ ሌላው በ‹‹ኬ›› ይጀምራታል። ጣሰው የተባለውም ሰው ታሰው ኾኖ ይቀራል።

በ1980ዎቹ እነ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላን የመሳሰሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችል ዘዴ አበጁ። ነገር ግን ልዩ ልዩ አዘጋጆች ለአንዱ ሆሄ ልዩ ልዩ ቍጥር ስለ ሰጡ፥ በአንዱ ዘዴ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው የምልክት ክምር ይኾን ነበር። ጐንደር ላይ የተጻፈ ደብዳቤ መተማ ላይ ካልተነበበ መጻፉ ምን ይጠቅማል?

ይህን ችግር የፈታው ስምምነት ነው። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ሠንጠረዥ ሦስተኛ እትም ለፊደላችን፥ ለአኃዛችንና ለሥርዐተ ነጥባችን 345 ቍጥሮችን መደበ። ከዚያ ወዲህ ‹‹ሀ›› በማናቸውም ሀገር ቍጥሯ 4608 ናት። በ2010 ደግሞ በመተማና በቋራ ቈላ ጭምር የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ለቋንቋው የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ሆሄያት በሠንጠረዡ ገቡ።

እንግዲህ የመኪናው ድርሻ ተፈጽሟል፤ የቀረው የጸሓፊው ትጋት ነው። የባለጕዳዩን ስም በችኰላ ከመጻፍ፥ ‹‹ጣሰው ነው ወይስ ታሰው?›› ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበልጣል። ቦታ ተገኝቶለት ሳለ የሰውን ስም አዛብቶ መጻፍ ከእንግዲህ በመኪናው የሚሳበብ ጥፋት አይደለም።