ከሮማ እስከ አስኮ፦ በካቶሊክ ጉባኤ የተቀመጡ ሊቃውንት

የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት የታተመው በ1548 በሮማ ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፊደል የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም። ሥራውን የሚመሩት የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ የኅትመት ሙያ አያውቁም። ሁለቱም ወገን በየበኩሉ እየደናበረ፣ አንዱ አንዱን እየረዳ መጽሐፉ ወጣ። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን አልደበቁም፤ በመጽሐፉ ላይ ችግሩን በግልጽ ጽፈው ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠየቁ።

መነኩሴው በሮማ የተቀመጡት ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቦታው ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች የተሰጠ ማረፊያ ነው። የጳጳሱ ከተማ ምሁራን ግዕዝ የተማሩት እዚያ፣ ከእንግዶቹ እግር ሥር ተቀምጠው ነው። ከአባ ተስፋ ጽዮን የተማረው ማሪያኖ ቪቶሪ የመጀመሪያውን የግዕዝ ሰዋስው በ1552 አሳተመ። መምህሩ ግን በዚያው ዓመት ዐረፉ።

የካቶሊክ ትምህርትና የኢትዮጵያ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ፈረንጅ መምህር ቆሞ ሲያስረዳ፣ አበሻ ተማሪ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ አልነበረም አይባልም። ዳሩ ግን ሰነዱን ቀረብ ብሎ ላየው በየዘመኑ ከካቶሊክ የነገረ መለኮት ትምህርት ጀርባ አንድ የቅኔ ቤት፣ የመጻሕፍት ቤት ሰው አይጠፋም። ስሙ በሽፋኑ ላይ የሌለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከአባ ተስፋ ጽዮን መቶ ዓመት በኋላ በዚያው በሮማ ማረፊያ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአማራ አገር ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ፣ አንድ ጀርመናዊ ወጣት ገጠማቸው። ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። ግዕዝን ከመጽሐፍ ለቃቅሞ ነበር እንጂ ከሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም። በ1652 በጀርመን የጎታው መስፍን አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ አስጠራቸው። መነኩሴው የካቶሊክን እምነት የተቀበሉ ነበሩ፤ መስፍኑና ሉዶልፍ ደግሞ ሉተራውያን። ሉዶልፍ ያዘጋጃቸው የግዕዙና የአማርኛው ሰዋስው፣ መዝገበ ቃላቱ፣ በ1681 የወጣው የኢትዮጵያ ታሪክ ሁሉ ከዚያ ጉባኤ የተቀዱ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ፍሬውን አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ቀሩ።

በአገር ቤት የነበረው ነገር የከፋ ነበር። በ1603 የገባው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ጴድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ አጥንቶ፣ የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስን ወደ አማርኛ አስመልሶ፣ ሁለት ልጆችን በጥያቄና መልስ አሠልጥኖ በዐፄ ዘድንግል ፊት አቆማቸው። ቤተ መንግሥቱ የተገረመው በልጆቹ ነበር ይባላል። ፓኤዝ በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን እንደሱ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ምእመኑ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት ይቀበሉ አለ። ደም ፈሰሰ። ካቶሊክነትን ተቀብለው የነበሩት ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። አገሩ ለካቶሊክ መምህር በሩን የዘጋው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተዘጋውም ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ነው። ሜንዴዝ የሥነ መለኮት እውቀት አልጎደለውም፤ የጎደለው ቁጭ ብሎ መስማት ነበር።

ይህን ትምህርት የተማረ የሚመስለው በ1839 አድዋ የገባው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ ነው። እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሰ፣ የአገሩን ጾም ጾመ፣ በግዕዝ ሥርዐት መቀደስን መረጠ። በ1841 የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ የላኳቸውን መልእክተኞች እሱ እንዲመራ ተደረገ። ከመልእክተኞቹ አንዱ ከጎጃም መርጡለ ማርያም አካባቢ የወጡ፣ አንድ ዓይናቸው በልጅነት የጠፋ፣ ዕድሜያቸው ወደ ኀምሳ የተጠጋ መነኩሴ ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ።

አባ ገብረ ሚካኤል ተራ ተማሪ አልነበሩም። በጎንደር ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩ፣ የምንኩስና ሥርዐት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ለማወቅ ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጻሕፍት የመረመሩ ሰው ናቸው። ዘመኑ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ እየተባለ ሊቃውንቱ የሚከራከሩበት፣ መሳፍንቱም በየወገኑ የሚሰለፉበት ነበር። መነኩሴው ከካይሮ አልፈው እስከ ሮማ ተጓዙ። በ1844 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። በዚያ ሰዓት ደ ያቆቢስ ያገኘው አንድ ምእመን ብቻ አልነበረም፤ መምህር አገኘ። በአጋሜ፣ ጓላ በሚባለው ስፍራ ባቋቋመው የካህናት ትምህርት ቤት አባ ገብረ ሚካኤል ወንበር ይዘው አስተማሩ፤ ትምህርተ ክርስቶሱንና የግብረ ገብ ነገረ መለኮቱን ወደ አገር ቋንቋ በመመለሱ ሥራም አብረው ደከሙ። የሮማ ትምህርት በጎንደር ሰው አንደበት ካልተነገረ ማን ይሰማው ነበር?

ቅስና የተቀበሉት በ1851፣ ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው ነው። ብዙ አልቆዩም። ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከግብፅ ከመጡት ጳጳስ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሲስማሙ አባ ገብረ ሚካኤል ታሰሩ፤ እግራቸው በሰንሰለት እንደ ታሰረ ከሠራዊቱ ጋር ሲጎተቱ ከርመው በ1855 ሞቱ። ሮማ በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። ለአንዱ ወገን ሰማዕት ናቸው፤ ለሌላው ከአባቶቹ ሃይማኖት የወጣ ሊቅ። ሁለቱም ወገን የማይክደው ሊቅነታቸውን ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ፣ የዓዲግራትና የኤርትራ ካቶሊኮች ቅዳሴያቸው በግዕዝ ሥርዐት መሆኑም ከዚያ ዘመን ምርጫ ጋር የተያያዘ ነው።

በዚያው ሰሞን በጌምድር ውስጥ፣ ቤተ ልሔም በምትባለው የድጓ ማስመስከሪያ ስፍራ፣ አንድ ጣሊያናዊ የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ተቀምጦ ነበር፤ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ። ግዕዝ ያስተማሩት ደብተራ አሰጋኸኝ ናቸው። መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፣ ብራና እየፈለገ በፈረንሳይ ለነበረው ምሁር ለአንቷን ዳባዲ ይልክ ጀመር። ከላካቸው ውስጥ የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ይገኝበታል። የሐተታውን ደራሲ የአክሱም ተወላጅ፣ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስደተኛ፣ በዋሻ ተቀምጦ ሃይማኖትን ሁሉ በኅሊናው የመረመረ ሰው ያደርገዋል መጽሐፉ። ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ተነሥቶ መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ካፑቺኑ ነው አለ። ክርክሩ አሁንም አልበረደም።

የሐተታው ነገር ከካቶሊክ መምህራን ታሪክ ጋር ሁለተኛ ጊዜ የሚገናኘው በአዲስ አበባ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1945 ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን ጠርተው የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት ሰጧቸው። በ1950 መጨረሻ፣ ማለትም በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ፕሬዚዳንቱ ከእነሱው አንዱ፣ ሉሲየን ማት ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ የሱስንዮስን ታሪክ ያውቃሉ፤ መምህራኑ የካህን ልብስ እንዳይለብሱ፣ ሃይማኖታቸውንም እንዳይሰብኩ ተስማሙ። በኮት በከረባት የሚያስተምሩ ቄሶች ነበሩ። ኮልፌ አጠገብ ካለው ከጄኔራል ዊንጌትና ከኮተቤ ትምህርት ቤቶች እየተመረቁ የመጡት ወጣቶች ሒሳብና ሳይንስ፣ ሎጂክና ሥነ ጽሑፍ የተማሩት ከእነሱ ነው። ነገረ መለኮት ግን ከእነሱ አልተማሩም። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ያገኘው ኋላ፣ ኦርቶዶክሳዊው ቅድስት ሥላሴ ሲጨመርበት ነው። ኢየሱሳውያን የመሩት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነገረ መለኮቱን ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ሲለቅ በዓለም ብዙ የሚገኝ አይመስልም።

ክሎድ ሰምነር የመጡት በ1953 ነው፤ ኢየሱሳዊ፣ የፍልስፍና መምህር። መስበክ ባይፈቀድላቸውም የኢትዮጵያን መጻሕፍት ማንበብ የሚከለክላቸው አልነበረም። ከ1974 ጀምሮ በአምስት ቅጽ ባሳተሙት ሥራ አንጋረ ፈላስፋን፣ የዘርዐ ያዕቆብንና የወልደ ሕይወትን ሐተታ፣ ስክንድስንና ፊሳልጎስን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ተነተኑ። የኮንቲ ሮሲኒን ክስ ተቃወሙ፤ የሐተታው አሳብና አጻጻፍ የካፑቺኑ ሊሆን አይችልም ብለው ቃላቱን እየቆጠሩ፣ እያነጻጸሩ ሞገቱ። ያሳመኑት ሁሉንም አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን በአዲስ አበባ የፍልስፍና ክፍል ኢትዮጵያ ፈላስፋ አላት ወይስ የላትም የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ የተመረቀ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ሰምነር በ2012 ዐረፉ።

ከአገሬው ወገን በዚሁ ዘመን የሚጠቀሱት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው። በኤርትራ ተወለዱ፣ ሚላኖ በሚገኘው የቅዱስ ልብ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ። በ1968 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ፍትሐ ነገሥትን በእንግሊዝኛ ሲያወጣ ተርጓሚው እሳቸው ነበሩ። ኋላ የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1985 ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆኑ። የኦርቶዶክሱን ሕግ ለዓለም ያነበበው ካቶሊክ ካህን መሆኑን ልብ ይሏል።

ተቃራኒውም ሆኗል፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚደንቀው እሱ ነው። በ1973 በኮሌጅቪል፣ ሚኔሶታ፣ የቤነዲክታውያን መነኮሳት ዩኒቨርሲቲ በሆነው በቅዱስ ዮሐንስ ያለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት ጋር ሆኖ የአገሪቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመረ። ከየደብሩና ከየገዳሙ እየመጡ የተነሡት ጥራዞች ከዘጠኝ ሺህ በለጡ። ፊልሙ አሜሪካ ደረሰ፤ አንብቦ ማን ይፍታው?

የሸንኮራው ተወላጅ ጌታቸው ኃይሌ በቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት፣ በካይሮ ኮፕት ነገረ መለኮት ኮሌጅ፣ በመጨረሻም በቱቢንገን የተማሩ ኦርቶዶክሳዊ ናቸው። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸውን ከበው ተኩስ ሲከፈት ጥይት አከርካሪያቸውን መታቸው። በ1976 በተሽከርካሪ ወንበር ሚኔሶታ ገቡ፤ ከአርባ ዓመት በላይም ከዚያ ሥራ አልተለዩም። ፊልሙን በማንበቢያ መሣሪያ ላይ እየዘረጉ፣ ቅጠል በቅጠል፣ የመጽሐፉን ርእስ፣ ጸሐፊውን፣ በኅዳጉ የተጻፈውን የርስት ውልና የሞት ቀን ሳይቀር መዘገቡ። ካታሎጉ በቅጽ በቅጽ ወጣ፤ ኋለኞቹን ያዘጋጁት ብቻቸውን ነው። ምናልባት እንደሳቸው ብዙ የግዕዝ ብራና ያገላበጠ ሰው አይገኝም። የካቶሊክ መነኮሳት ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛው ዘመን ጥናት ፕሮፌሰር ብሎ ሾማቸው፤ እሳቸው እስከ 2021 ዕረፍታቸው ድረስ ኦርቶዶክሳዊ ሊቅ ሆነው ኖሩ። ሃይማኖት ለውጡ ያላቸው አልነበረም።

ወደ ምዕራብ አዲስ አበባ እንመለስ። ከኮልፌ ወጥቶ ወደ ቡራዩ የሚያቀናው ሰው በሚያልፍበት በአስኮ የካፑቺኖች የምርምርና የሱባኤ ማእከል አለ። ካገለገሉት ውስጥ በግዕዝ መጻሕፍት ጥናት ስማቸው የሚነሣው አባ ዳንኤል አሰፋ ናቸው። ካፑቺን ናቸው፤ በ2007 በፈረንሳይኛ ያሳተሙት መጽሐፍ የሚመረምረው የእስራኤል ታሪክ በበሬና በበግ፣ በአራዊትና በአዕዋፍ ምሳሌ የተነገረበትን የመጽሐፈ ሄኖክ ክፍል፣ ከምዕራፍ 85 እስከ 90 ያለውን ነው። ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ በመሆኑ በዓለም ያለ የሄኖክ ተመራማሪ ሁሉ መጨረሻው ወደዚህ ቋንቋ መምጣት ነው።

አባ ዳንኤል ከእንግሊዛዊና ከአሜሪካዊ ባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩበት የብሉይ ኪዳን የግዕዝ ንባብ ታሪክ ጥናት አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ከአንድ መጽሐፍ የተመረጠ ክፍል ይወሰዳል፤ በልዩ ልዩ ዘመን የተጻፉ፣ ቁጥራቸው ወደ ሠላሳ የሚደርስ ብራናዎች ፎቶ ይቀርባል፤ ቃል በቃል ይገለበጣል። ከዚያ ይተያያል። እዚህ አንድ ቃል ፍቆ የጻፈ አለ፣ እዚያ አንድ መስመር የዘለለ፣ የጎንደር ዘመኑ ጸሐፊ ደግሞ የአሮጌውን ንባብ ትቶ የታረመውን ይከተላል። ልዩነቱ ሲጠራቀም የትኛው ብራና ከየትኛው እንደ ተቀዳ ይታወቃል። ይህን የሚሠራ ወጣት ኮምፒውተር ሊያስተምሩት ይቻላል፤ የአኅጽሮተ ቃሉንና የፊደሉን ጠባይ ግን የሚያውቀው የቄስ ትምህርት ያለፈበት ሰው ነው።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። የነገረ መለኮት ትምህርት የሚሰጠው በየቤተ እምነቱ ተቋም ነው፤ በካቶሊኩ በኩል የካፑቺኖች የፍልስፍናና የነገረ መለኮት ተቋም በአዲስ አበባ ለልዩ ልዩ ማኅበራት ዕጩ ካህናት ያስተምራል። እነዚህ መምህራን የሚጽፉት ግን አብዛኛውን በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ መጽሔቱም መጽሐፉም ውጭ ይታተማል፣ ዋጋውም የአንድ ደብር መምህር የሚቋቋመው አይደለም። ብራናውን ለዘመናት የጠበቀው የአብነት መምህር በብራናው ላይ የተገኘውን ውጤት በአማርኛ የሚያነብበት መጽሐፍ ገና አልተጻፈለትም ማለት ይቻላል፤ ከአስኮ የሚጠበቀው ቀጣዩ ሥራ ይህ ቢሆን ደግ ነበር።